አያትሽ አንባቢ አይደሉም፤ ነባቢ ግን ናቸው

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከምትማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም መምህር። ባለፈው ሳምንት ሠፈራችን ለቅሶ ነበር። አንድ አባት ሲያስተምሩ ‹የሰው ነፍስ ነባቢት ናት፤ የእንስሳ ነፍስ ግን ነባቢት አይደለችም› አሉ። እኔ ‹የምታነብ› ማለት መስሎኝ ነበር። ቤት ስንገባ አያቴ ‹እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ታዲያ የኔ ነፍስ ከላሟ ነፍስ በምን ትለያለች?› አለች። ሁላችንም ሳቅን። ግን አልተዋጠልኝም። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ለፍልስፍና ኮርስ አሳይመንት ላይ ብጠቀምበትስ ያስኬዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አያትሽ የጠየቁት ግን ካንቺም ይበልጣል፤ ቅር አይበልሽ።

በአጭሩ፣ «ነባቢ» ማለት «ተናጋሪ» ማለት ነው። ግን ድምፅ የሚያወጣ ሁሉ ነባቢ አይባልም። ነባቢ የሚባለው ያሰበውን በቃል የሚገልጥ፣ በቃልም የሚያስብ ነው። መናገርና ማሰብ እዚህ ቃል ውስጥ አንድ ላይ ናቸው። ከፊደል መቁጠር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህችን ዛሬውኑ ለአያትሽ ንገሪልኝ። የቀረውን ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው፤ ትንሽ ይረዝማል።

ግንዱ ግዕዝ ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ከ«ጸሐፈ» ጸሓፊ፣ ከ«ሰምዐ» ሰማዒ እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ነበበ» ነባቢ ወጣ። ለሴት ሲሆን ነባቢት ይሆናል። ነፍስ በግዕዝ በሴት ስለምትጠራ ነው «ነፍስ ነባቢት» የሚባለው። መምህሩ «ነባቢት» ያሉት ለዚህ ነው እንጂ ሴቶችን ለይተው አይደለም።

ታዲያ ማንበብ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ጆሮሽ የተታለለው፤ መታለሉም አይፈረድበትም። «ነበበ» ላይ «አ» ስትጨምሪበት «አንበበ» ይሆናል። ይህቺ «አ» የምታስደርግ «አ» ናት። ፈላ፣ አፈላ። ነደደ፣ አነደደ። ውሃው ራሱ ይፈላል፤ አንቺ ታፈዪዋለሽ። እንደዚሁ «አንበበ» ማለት ከሥሩ «እንዲናገር አደረገ»፣ «ድምፅ ሰጠው» ማለት ነው። ብራና ዝም ያለ ነገር ነው። የሚያነበው ሰው አፍ ያውሰዋል።

አማርኛ እናትየውን ትቶ ልጁን ወሰደ። «ነበበ» ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ ዛሬ የለም፤ «አነበበ»፣ «ንባብ»፣ «ምንባብ» ግን አፋችን ላይ አሉ። ስለዚህ «ነባቢ» ስንሰማ የምናውቀው ዘመዱ «አንባቢ» ብቻ ስለሆነ ወደዚያ እንጎትተዋለን። («ነቢይ» ግን ዘመዱ አይደለም፤ እሱ የ«ተነበየ» ወገን ነው። ይህንንም የሚያምታቱ ተማሪዎች ገጥመውኛል።)

የድሮውን ንባብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የቆሎ ተማሪ ንባብ ቤት ሲገባ በለሆሳስ አያነብም። ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ የሚወጣበት ትምህርት ሁሉ በድምፅ ነው። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢቀመጡ እንኳ ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ያውቃሉ። ስህተቱ የሚያዘው በጆሮ ነው። ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ማንበብ የኛ ዘመን ልማድ ነው።

አንቺ የጅማ ልጅ ስለሆንሽ ሌላ ማስረጃ በነጻ አለሽ። በኦሮምኛ መናገር «ዱበቹ» ነው። ማንበብስ? «ዱቢሱ»። ሁለቱም ላይ «ብ» ጠብቃ ትነበብ። ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ ሁለተኛው የሚያስደርግ ቅርጽ አለው። «ዱቢሱ» ደግሞ ማንበብ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ማናገርም ነው። ልጅ ሆነሽ እንግዳ ቤት ሲመጣ «ዱቢሲ» ብለውሽ ይሆናል፤ አናግሪው፣ አትኩሪ እንደማለት። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ መጽሐፍ አስገልጦ «ዱቢሲ» ሲልሽ አንብቢ ማለቱ ነው። ስለዚህ ኦሮምኛ መጽሐፍንም እንደ እንግዳ ያናግረዋል። ግዕዝና ኦሮምኛ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የተለያዩ ቅርንጫፎች ናቸው፤ አንዱ ሴማዊ ነው፣ ሌላው ኩሻዊ። ግን ማንበብን «ማናገር» ብለው ለመሰየም ሁለቱም ተገናኙ። እኔ ይህን መጀመሪያ ልብ ያልኩት ፈረንጅ አራዳ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ለእናቱ የመድኃኒት ካርቶን «እያናገረላት» ነበር። ለብዙ ዓመት ግዕዝ አስተምሬ ጎረቤቴ አፍ ላይ ያለውን አለማየቴ አሳፈረኝ።

አሁን ወደ ፍልስፍናው እንሂድ።

የነገሩ ሥር ግሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው አርስቶትል ሰውን ከእንስሳ የሚለየው «ሎጎስ» ነው አለ። ሎጎስ አስቸጋሪ ቃል ነው። ንግግር ነው። ምክንያት ነው። ሒሳብም ነው፤ «ሒሳብህን አቅርብ» በሚባልበት ስሜት። ግሪኮች እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ይይዟቸው ነበር። ከዚህ ስም የወጣው ቅጽል «ሎጊኮስ» ነው። ለዚያ ቅጽል የግዕዝ አቻ ሆኖ የኖረው የኛው «ነባቢ» ነው።

አርስቶትል ፖለቲካን በሚመለከተው ሥራው ላይ አንድ ልዩነት ያደርጋል፤ ለአያትሽ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ እሱ ስለሆነ ጠበቅ አድርገሽ ያዢልኝ። እንስሳ ድምፅ አለው ይላል። በድምፁ ሕመሙንና ደስታውን ያሳውቃል። ሎጎስ ግን የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን፣ ፍትሑንና ግፉን ለመግለጥ ነው። ላሟ ጥጃዋ ሲወሰድባት ትጮኻለች፤ አመማት። «ተበደልኩ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ቃል ያስፈልጋል፤ ከቃሉም በፊት የሚገባው እንዲህ ነበር ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህን ያየሁበትን ቀን ልንገርሽ። በቡና ለቀማ ወራት ከከተማ ወጣ ብሎ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) የሚገዛ ነጋዴ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰው እጠብቃለሁ። አንዲት እናት አህያ አስጭነው መጡ። ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ አሸት አሸት አደረገና አንዷን ፍሬ ነከሳት። «አልደረቀም» አለ። እሳቸውም አንዷን አንስተው ነከሱ። ቀጭ አለች። ፍሬዋን ለሁለት ተከፍላ በመዳፋቸው ላይ አሳዩት። ዝም አለ። ጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ። «ሃምሳ ኪሎ» አለ። እናትዬዋ ጣታቸውን እንኳ አልቆጠሩም። «ሦስት ፈረሱላ ሰፍሬ ነው የመጣሁት። ፈረሱላ አሥራ ሰባት ነው። ሃምሳ አንድ ነው። አንዷን ኪሎ ማን ቆላት?» አሉት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ነጋዴው «እኔ ምን ላድርግ እማማ፣ ሚዛኑ ነው» አለ። «ሚዛኑ አፍ የለውም። የተናገርከው አንተ ነህ» አሉት። ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆንያው እንደገና ተመዘነ፤ ሃምሳ አንድ ሆነ።

እኚያ እናት ለገንዘቡ ፈርሚ ሲባሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ፊደል አያውቁም። ግን በዚያች አምስት ደቂቃ ሎጎስ የሚባለው ነገር በሙሉ አፋቸው ላይ ነበር። ሒሳቡ አለ። ማስረጃው አለ፤ ፍሬዋን ነክሰው አሳይተዋል። ምክንያቱ አለ፤ ሚዛን አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሽ። ግፉንም በስሙ ጠርተውታል። አህያዋ አጠገባቸው ቆማ ጆሮዋን ታርገበግባለች። እሷም ከሳቸው እኩል ሸክሙን ተሸክማለች፤ ምናልባትም ይበልጥ ደክሟታል። አንድ ኪሎ እንደጎደለ ግን አልጠየቀችም።

ቃሉ ከግሪክ ሲወጣ የሆነው ነገር ደስ ይለኛል። ላቲኖች ሎጎስን ሲተረጉሙ «ራሽዮ» አሉት፤ ስሌት ማለት ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ራሽናል» የሚሉት ከዚያ ነው። ሒሳቡን ያዙ፤ አፉ ቀረባቸው። ዓረብኛና ግዕዝ ደግሞ አፉን ያዙ። በዓረብኛ ተናጋሪ «ናጢቅ» ነው። የዓረብ ፈላስፎች ሰውን ሲተረጉሙ «ሐየዋን ናጢቅ»፣ ተናጋሪ ሕያው ይሉታል። የሎጂክ ትምህርት ስሙ «መንጢቅ» ነው፤ ከዚያው ከመናገር የወጣ። ነፍስን ደግሞ «አን-ነፍስ አን-ናጢቃ» ይሏታል። ከ«ነፍስ ነባቢት» ጎን አስቀምጪው። ነፍስ ያው ነፍስ ናት። ቅጽሏ በሁለቱም በሴት ይሄዳል። ትርጉሙ አንድ ነው። ይህ ብዙ ሊያስገርም አይገባም፤ እንደ ሃይማኖተ አበው ያሉት የግዕዝ መጻሕፍት ከዓረብኛ የተመለሱ ናቸው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሼህ አሉ፤ በልጅነታቸው ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ሆነው ኪታብ ሲቀሩ ያደጉ። ይህን ጉዳይ አንድ ቀን ሳነሳባቸው «እናንተም ናጢቃ ትሏታላችሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ የኔን ማስረጃ በራሳቸው ቃል ደገሙልኝ። «መቅራት» እኮ ማንበብም በቃል መወጣትም ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። «ቁርኣን» የሚለው ስም ከዚያው ግንድ ነው። የቁርኣን ቤት ልጆች ሌሊት ሲቀሩ ከሩቅ ይሰማሉ፤ የንባብ ቤት ልጆችም እንዲሁ። ዝም ብሎ የሚያነብ ተማሪ በሁለቱም ቤት ኩርኩም አያጣም።

የቤተ ክርስቲያኑ አጠቃቀም ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። ለቅሶው ላይ የሰማሽው ከዚያ ስለሆነ ላስረዳሽ። በኛ ሊቃውንት ትምህርት ሥጋ ከአራት ነገሮች ነው፤ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት። ነፍስ ደግሞ ሦስት ጠባይ አላት፤ ለባዊት ናት፣ ነባቢት ናት፣ ሕያዊት ናት። ለባዊት ማለት የምታስተውል ነው፤ «ልባዊት» የሚሉም አሉ። ነባቢት የምትናገር፣ ሕያዊት በሕይወት የምትኖር። ሦስት ሲሆኑ ነፍስ ግን አንድ ናት። ይህ ለምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል፤ ልብ ለአብ፣ ቃል ለወልድ፣ እስትንፋስ ለመንፈስ ቅዱስ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ያዢ። ሦስቱ አብረው ሲመጡ ሥራ ይከፋፈላሉ። ማሰቡን ለባዊት ትወስደዋለች፤ ለነባቢት የሚቀራት መናገሩ ነው። ነባቢት ብቻዋን ስትመጣ ግን ሁለቱንም ትሸከማለች። መምህሩ «የእንስሳ ነፍስ ነባቢት አይደለችም» ሲሉ ብቻዋን ነው የጠሯት። ስለዚህ አትናገርም ብቻ ሳይሆን አታመዛዝንም ማለታቸው ነው። መዝገበ ቃላት ገልጠሽ «ነባቢ፦ ተናጋሪ» የሚለውን ብቻ ወስደሽ ብትጽፊ ግማሹን ነው የጻፍሽው።

ቃሉ እንደ ቀላል ነገር አልመጣም፤ ክርክር ወልዶታል። በ4ኛው መቶ ዘመን አቡሊናርዮስ የሚባል የሎዶቅያ ጳጳስ ተነሣ። ክርስቶስ ሥጋ ለብሷል፤ ነባቢት ነፍስ ግን አልነበረችውም፣ በእሷ ፈንታ ቃል ራሱ ነበር አለ። እ.ኤ.አ. በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ትምህርቱን አወገዙ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ የሚለውን «ነባቢት ነፍስ ያላት» ብሎ መቀጠል የሃይማኖት መግለጫ ሆነ። አንዲት ቅጽል የእምነት ድንበር ሆና ቆመች። «ነባቤ መለኮት» የሚለው ማዕረግም ከዚሁ ቤት ነው፤ ስለ መለኮት የሚናገር። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ሲባል ሰምተሽ ይሆናል።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያስቅ ነገር ላንሳ። በዛሬው ግሪክኛ ፈረስ «አሎጎ» ይባላል። «ሎጎስ የሌለው» ማለት ነው። ድሮ ለእንስሳ ሁሉ የሚነገር ቅጽል ነበር፤ ቀስ እያለ የፈረስ ስም ሆኖ ቀረ። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የጅማው ንጉሥ የሚታወቁበት «አባ ጅፋር» የሚለው ስም የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ግሪኩ ፈረሱን «ቃል የለውም» ሲል የኛ ሰው ስሙን ከፈረሱ ይዋሳል። በቅሎም ብትሆን አባትሽ ማነው ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ብላ መልሳለች፤ በተረት ነባቢ ናት።

ወደ አጠቃቀሙ ልመለስ። አሳይመንትሽ ላይ ተጠቀሚበት፤ ግን በቦታው።

ነባቢ የተፈጥሮ ስም ነው፤ የጠባይ ወይም የሥራ አይደለም። «ሰው ነባቢ ፍጥረት ነው» ያስኬዳል። «ነባቢት ነፍስ» ያስኬዳል። «ነባቢ ውሳኔ ወሰነ» ግን አያስኬድም፤ እዚያ የሚገባው «ምክንያታዊ» ነው። ለክርክር አካሄድ ከሆነ «አመክንዮአዊ» በዪ። «እሱ ነባቢ ሰው ነው» ብለሽ ጓደኛሽን ልታደንቂ አትችዪም፤ ሁሉም ሰው ነባቢ ነው። የተኛም፣ የሰከረም፣ ገና የተወለደ ሕፃንም። ንግግሩ ያማረ ለማለት ከሆነ «አንደበተ ርቱዕ» አለልሽ።

መስማት የተሳናቸውስ? ይህን ክፍል ውስጥ ሁሌ አንድ ተማሪ ይጠይቀኛል፤ መጠየቁም ልክ ነው። «ተናጋሪ» በሚለው ከቀረን በምልክት ቋንቋ የሚያወራውን ሰው ከነባቢነት ልናስወጣው ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ይሆናል። ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባወጣው ሥራ ነገሩን በጥሩ ምሳሌ አስረድቷል። በቀቀን እንደኛ ቃል ያወጣል፤ የሚለውን እያሰበ ግን አይናገርም። ከተወለዱ ጀምሮ የማይሰሙና የማይናገሩ ሰዎች ግን ሐሳባቸውን የሚገልጡበት ምልክት ራሳቸው ይፈጥራሉ። አፍ ያለው በቀቀን ነባቢ አይደለም። በእጁ የሚያወራው ሰው ነባቢ ነው። ጉዳዩ ምላስ አይደለም። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይባል የለ፤ የሚፈለገው የሚታየው ነገር ነው።

ከተማሪዎች የሚመጣው ሌላው ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ስለሚያወራችሁ ማሽን ነው። ነባቢ ነው? እኔ በበኩሌ ቃሉን አልሰጠውም። ቃል ማውጣቱን አልክድም፤ አንዳንዴ ከኔ የተሻለ አማርኛ ያወጣል። የእናትዬዋን ክርክር ቀጥ አድርጎ ሊጽፍልሽም ይችላል። አንድ ኪሎ የጎደለበት ግን እሱ አይደለም። አስተማሪሽ በዚህ ላይስማማ ይችላል፤ ብትከራከሪው ደስ ይለኛል።

የጽሑፍ ነገር ካነሳን አንድ የመጨረሻ ምክር። ወንድ ነገር ስትገልጪ «ነባቢ»፣ ነፍስን ስትገልጪ «ነባቢት» በዪ። «ነባቢት ሰው» እንዳይመጣ ተጠንቀቂ። ሁኔታውን በስም መጥራት ስትፈልጊ «ነባቢነት» አለ። መጀመሪያ በመጣበት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፍቺው፤ አለበለዚያ አራሚው እንዳንቺው «የሚያነብ» ብሎ ያነበዋል። ብዙ ቁጥሩ «ነባብያን» ነው፤ ለአያትሽ ግን ነጠላው ይበቃቸዋል።